የተርባይን መቆጣጠሪያ ስትመርጡ፦ ለጅማ ዙሪያ ትንንሽ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች የንጽጽር መመሪያ

ጅማ ውስጥ የውኃ ኃይል ወሬ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ስንት ኪሎዋት ይሰጣል?» ጥያቄው አይከፋም። ግን ተርባይኑ በምን ይያዛል? ማን ይጠብቀዋል? ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ነገር ቢበጠስ በምን ይቆማል? እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ዕቃው ተገዝቶ፣ ቤቱ ተሠርቶ፣ ቱቦው ከተቀበረ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ገንዘቡ አልቋል። አቅራቢው የሰጠውን ሳጥን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መኖር ነው።

ይህ ጽሑፍ ገና እዚያ ላልደረሱ ሰዎች ነው። ጎማ፣ ጌራ፣ ሰጠማ ወይም ሲግሞ አካባቢ ጥሩ ወንዝ አግኝታችሁ ለቡና ማኅበር፣ ለወፍጮ ቤት ወይም ለአንድ መንደር ተርባይን ለማቆም የምታስቡ ከሆነ፣ ያሉትን አማራጮች አብረን እንያቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መጀመሪያ የሚገዛው ማቆሚያው ነው፤ አደጋ ሲመጣ ተርባይኑን የሚያስቆመው ማለቴ ነው። ቀጥሎ መቆጣጠሪያው። መከታተያው ከሁሉም በኋላ። ሻጮች ግን ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ ስክሪን ያምራላ።

መጀመሪያ ልካችሁን እወቁ

የጅማ ሰው ለውኃ ኃይል እንግዳ አይደለም። ግልገል ጊቤ አንድ እዚሁ ዞናችን ውስጥ በ1996 ዓ.ም. የተመረቀ የ184 ሜጋዋት ማመንጫ ነው። ሦስት የፍራንሲስ ተርባይኖች አሉት። ውኃው እዚያ ሠርቶ አያበቃም። 26 ኪሎሜትር ገደማ በዋሻ ተጉዞ ጊቤ ሁለት ላይ አራት የፔልተን ተርባይኖችን ይመታል፤ እዚያ ደግሞ 420 ሜጋዋት ይወጣል። በዚህ ልክ ላይ የመቆጣጠሪያ ክርክር የለም። በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀስ ገቨርነር (ውኃውን እየከፈተና እየዘጋ የተርባይኑን ፍጥነት የሚጠብቅ መሣሪያ)፣ የቁጥጥር ክፍል፣ ሌት ተቀን የሚቀያየር ፈረቃ፣ ሁሉም የግድ ነው። ይህን ያነሳሁት አንዳንድ አቅራቢ የጊቤን ዓይነት ሥርዓት አሳንሶ ለ15 ኪሎዋት ስለሚያቀርብ ነው። የትንሽ ማመንጫ ችግር ግን የትልቁ ችግር ተቀንሶ የሚገኝ አይደለም። ሌላ ችግር ነው።

ሒሳቡን በእጃችሁ ሥሩት። የውኃውን መጠን በሜትር ኪዩብ በሰከንድ፣ የሚወርድበትን ከፍታ በሜትር ውሰዱ። ሁለቱን አባዙና በ9.81 አባዙት። በሰከንድ 100 ሊትር ውኃ ከ20 ሜትር ቢወርድ 19.6 ኪሎዋት ይሆናል። በቱቦው፣ በተርባይኑ፣ በቺንጋውና በጄኔሬተሩ የሚባክነው ሲቀነስ 60 በመቶው ቢተርፍ ጥሩ ነው። እጃችሁ የሚገባው 12 ኪሎዋት አካባቢ ነው ማለት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ሦስት ምጣድ አንድ ላይ ከተሰካ አለቀ።

ውኃውን ደግሞ በነሐሴ እንዳትለኩ። በነሐሴ ማንኛውም ጅረት ወንዝ ነው። በየካቲት ሂዱ። የእሸት ቡና ማጠቢያ ሥራ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚበረታ ስለሆነ፣ ለማኅበር ከሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ውኃም ለብቻው መታወቅ አለበት። መቆጣጠሪያውን የሚመርጥላችሁ ይህ ቁጥር ነው። ለምን እንደሆነ ወደታች ትደርሱበታላችሁ።

ቁጥጥር የምንለው ነገር

አራት ፖል (የማግኔት ዋልታ) ያለው ጄኔሬተር 50 ሄርዝ እንዲሰጥ በደቂቃ 1500 ጊዜ መዞር አለበት። ከዚያ ዝቅ ሲል ሞተር ይሞቃል፣ መብራት ይፈዛል። ከፍ ሲል ደግሞ ቮልቱም አብሮ ሊወጣና የሰው ቴሌቪዥን ሊያቃጥል ይችላል። ቮልቱን የሚጠብቀው ጄኔሬተሩ ላይ ያለችው ሬጉሌተር ናት። ፍጥነቱን የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው። የዛሬው ጉዳያችንም እሱ ነው።

አሁን አንዲት እናት ምጣዷን ነቀለች እንበል። 3.5 ኪሎዋት በአንዴ ወረደ። ውኃው ግን ይህን አያውቅም፤ እንደበፊቱ መግፋቱን ይቀጥላል። ገመድ ጉተታ ላይ ወዲያኛው ወገን ድንገት ሲለቅ እንደሚሆነው ነው። ተርባይኑ ይፈተለካል። ጭነቱ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ፔልተንም ሆነ ክሮስፍሎው የሚባለው የተርባይን ዓይነት ከመደበኛው ፍጥነት 1.8 እጥፍ አካባቢ ይደርሳል። 1500 የነበረው ወደ 2700 ይጠጋል። ለናፍጣ ሞተር ተብሎ የተሠራ ባለ አራት ፖል ጄኔሬተር በአብዛኛው ከ2250 በላይ እንዲዞር ታስቦ አልተሠራም። ርካሽ ጄኔሬተር ስትገዙ ይህችን ቁጥር ጠይቁ።

«ታዲያ ውኃውን ቶሎ መዝጋት ነዋ!» ይባላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው። በቱቦ ውስጥ የሚሮጥ ውኃ ድንገት ሲቆም ግፊቱ ይዘላል። በብረት ቱቦ ውስጥ የግፊቱ ሞገድ በሰከንድ 1000 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። በሰከንድ 2 ሜትር የሚሄድ ውኃ በቅጽበት ቢቆም፣ 200 ሜትር ከፍታ ካለው ውኃ ጋር እኩል የሆነ ተጨማሪ ግፊት ይፈጠራል። ቱቦው የተገዛው ለ40 ሜትር ከፍታ ግፊት ከሆነ አስቡት። ለ300 ሜትር ርዝመት ቱቦ፣ በ0.6 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ መዝጋት ማለት ይህንን ግፊት ሙሉውን መቀበል ማለት ነው።

ስለዚህ ተርባይኑ «ቶሎ ዝጋ» ይላል፣ ቱቦው «ቀስ በል» ይላል። ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች ሁሉ ይህን ጠብ የሚያስታርቁበት መንገድ ነው የሚለያያቸው።

በሰው እጅ

በጣም ርካሹ ይህ ነው። አንድ ሞተሪስታ፣ አንድ ሳራቺኔስካ፣ ግድግዳው ላይ የቮልትና የሄርዝ መለኪያ። ጭነት ሲጨምር ይከፍታል፣ ሲቀንስ ይዘጋል።

የሚናቅ አይደለም። ተርባይኑ በቺንጋ በቀጥታ ወፍጮ ወይም የቡና መፈልፈያ የሚያዞር ከሆነ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገርም የለም። ድንጋዩ ትንሽ ፈጠነ፣ ትንሽ ዘገየ፣ ማንም አይከስም። ጭነቱ አንድ ነው፣ ሰውየውም አጠገቡ ቆሟል። እንዲህ ላለ ቦታ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ እህል እየፈጨ ይጠብቅ በሉት።

መንደር ውስጥ መብራት ከገባ ግን በእጅ አይሆንም። ሰው ይተኛል። ምጣድ ሲነቀል ቀድሞ የሚነግረው የለም። ሳራቺኔስካውን በጥድፊያ ካጠፋው ደግሞ ቱቦውን ያፈነዳዋል።

ሎድ ኮንትሮለር፦ ውኃውን ትተን ጭነቱን

ለትንንሽ ማመንጫ ዓለም ሁሉ የለመደው መፍትሔ ይህ ነው። እኔም ለአብዛኛው የጅማ አንባቢ የምመክረው እሱን ነው።

ሐሳቡ ብልጥ ነው። ውኃውን አትንካ። ተርባይኑ ሁልጊዜ ሙሉ ጭነት እንዳለበት ይሰማው። መንደሩ ያልተጠቀመበትን ትርፍ ኃይል ሳጥኑ ወደ ሬዚስታንስ ይልከዋል፤ እዚያ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ምጣዱ ሲነቀል ሬዚስታንሱ 3.5 ኪሎዋት ይጨምራል። ሲሰካ ይቀንሳል። ድምሩ አይለወጥም፣ ፍጥነቱም አይለወጥም። ውኃው ስላልተነካ ቱቦውም ምንም አይሰማውም።

ከሦስት ዓይነት መምረጥ ይኖርባችኋል። የመጀመሪያው ሞገዱን በታይሪስተር (በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚቆርጥ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ምላሽ ይሰጣል። ግን የተቆረጠው ሞገድ ጄኔሬተሩን ያሞቀዋል፤ ሬዲዮም ላይ ይጮኻል። ስለዚህ ጄኔሬተሩን ከፍ አድርጎ መግዛት ግድ ነው። ሁለተኛው ሬዚስታንሶቹን አንድ፣ ሁለት፣ አራት እጅ እያደረገ ከፋፍሎ የሚያበራና የሚያጠፋ ነው። ሞገዱ ንጹሕ ነው። ሽቦው ግን ይበዛል፤ መብራቱም በትንሹ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ሦስተኛው መጀመሪያ ወደ ዲሲ ለውጦ በፍጥነት እየቆረጠ የሚልክ ነው። አንድ ሬዚስታንስ ይበቃዋል፤ ሞገዱንም እንደ መጀመሪያው አያበላሽም። ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ውሰዱ።

ሬዚስታንሱ ከጄኔሬተሩ አቅም ከ15 እስከ 20 በመቶ መብለጥ አለበት። ለ15 ኪሎዋት ጄኔሬተር 18 ኪሎዋት ያህል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብር አታስተርፉ።

አየር የሚያቀዘቅዘውና ውኃ ውስጥ የሚነከረው ደግሞ ይለያያሉ። የአየሩ ውድ ነው፣ ግን ረሱት ቢባል ይረሳል። የውኃው ዓይነት ርካሽ ነው። ኤለመንቱን፣ ማለትም የሚሞቀውን ብረት፣ ሂርማታ መርካቶ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ታገኙታላችሁ። የሞቀው ውኃም ለመታጠቢያ ይሆናል። ጣጣው በርሜሉ ሲደርቅ ኤለመንቱ በደቂቃ መቃጠሉ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈራው ግን ሳይታወቅ የሚቃጠለው ነው። ሦስት ኤለመንት ነበሩ እንበል፣ አንዱ ተቃጠለ። ማታ ሰው ሁሉ መብራት አብርቷል፣ ትርፍ የለም፣ ምንም አይታወቅም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መንደሩ ሲተኛ ትርፉ በሙሉ ወደ ሬዚስታንሱ ይመጣል። የቀሩት ሁለቱ አይችሉትም። ሄርዙ ይወጣል፣ ተርባይኑም መጮህ ይጀምራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ኤለመንት ላይ የአምፔር መለኪያ ይደረግ። ሞተሪስታው በሳምንት አንድ ቀን የመንደሩን መስመር ቆርጦ ሦስቱንም ይይ። ወደ ሬዚስታንሱ በሚሄደው መስመር ላይ ደግሞ ማንም ሰው የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ እንዳይኖር። ለሻወር የሚሆን ውኃ በዛ ብሎ የሚያጠፋ አይጠፋም።

ሞተርን እንደ ጄኔሬተር ለምትጠቀሙ ሰዎች አንድ ነገር ላክል። ተራ የኢንዳክሽን ሞተር በካፓሲተር ጄኔሬተር ይሆናል። ፓምፕም ተገልብጦ ተርባይን ይሆናል። ሁለቱም ርካሽ፣ ጠንካራ፣ ጅማ ውስጥ በማንም የሚጠገኑ ናቸው። ፓምፑ ግን የውኃ ማስተካከያ ክንፍ የለውም። ሎድ ኮንትሮለር ለእሱ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። ሳጥኑም ለኢንዳክሽን ጄኔሬተር የተሠራው፣ ቮልትን የሚጠብቀው ዓይነት መሆን አለበት። ኢንዳክሽን ጄኔሬተር ትልልቅ ሞተር ማስነሳት ላይ ደካማ ነው፤ ፐልፐር (የቡና መፈልፈያ) የሚነሳበት ቦታ ከሆነ በዚህ አትሂዱ።

የሎድ ኮንትሮለር ትልቁ ድክመት ውኃ አለማስቀረቱ ነው። ሌሊት አንድ አምፖል ብቻ ቢበራም ሙሉው ውኃ ይወርዳል። በክረምት ማንም አይቆጨውም። በየካቲት ግን ይቆጫል። ለዚህ ነው የበጋውን ውኃ ለኩ ያልኩት። መካከለኛው መንገድ ሁለቱን ማጣመር ነው። ሞተሪስታው ሳራቺኔስካውን እንደ ወቅቱ በወር ወይም በሳምንት አንዴ ያስተካክላል። የየሰከንዱን ሥራ ሎድ ኮንትሮለሩ ይሠራል። ለ5 እስከ 50 ኪሎዋት ማመንጫ ከዚህ የተሻለ የብር አጠቃቀም አላውቅም።

የዘይት ገቨርነር

ኳሶቹ በፍጥነት ሲዞሩ ተዘርግተው የዘይት ቫልቭ የሚከፍቱበት የድሮ ማሽን ነው። ያገለገለ ሆኖ አልፎ አልፎ ይቀርባል። በደንብ ከተያዘ ዕድሜው ረጅም ነው፤ መብረቅም አያቃጥለውም። ግን የሚያውቀው ባለሙያ እየጠፋ ነው፣ መለዋወጫውም እንዲሁ። ከአሮጌ ተርባይን ጋር ተገጥሞ በነጻ ካልመጣ በቀር አትፈልጉት።

ፒኤልሲና ዲጂታል ገቨርነር

እዚህ ውኃው ራሱ ይስተካከላል። ሰንሰር ፍጥነቱን ያነባል፣ ፒኤልሲው (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የፋብሪካ ኮምፒውተር) ያሰላል፣ ሞተር ወይም የዘይት ፒስተን የተርባይኑን ማስገቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ውኃ ይቆጥባል። ሁለትና ሦስት ተርባይን አንድ ላይ ያስተዳድራል።

መቼ ይገባል? የውኃ ማጠራቀሚያ ካላችሁና ሌሊት ያጠራቀማችሁትን ቀን መጠቀም ከፈለጋችሁ፣ ኃይሉ ከ100 ኪሎዋት በላይ ከሆነና ይህን ያህል ሙቀት ማቃጠል የማይሆን ከሆነ፣ ወይም ከብሔራዊ መረብ ጋር ልትገናኙ ከሆነ።

የመረቡን ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከመረቡ ጋር የተገናኘ ትንሽ ተርባይን ሄርዝ አይጠብቅም። ሄርዙን የሚይዙት እነጊቤ ናቸው። የእናንተ መቆጣጠሪያ የሚጠብቀው የቱቦው አፍ ላይ ያለውን የውኃ ከፍታ ነው፤ ውኃ ሲጨምር ይከፍታል፣ ሲቀንስ ይዘጋል። ደስ የሚል ሥራ ነው፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ። መብራት በጠፋ ቁጥር ማመንጫችሁ ወዲያው ከመስመሩ መለየት አለበት። አለበለዚያ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ትገድላላችሁ። ሲለይ ደግሞ ጭነቱ በአንዴ ዜሮ ይሆናል፣ ተርባይኑም ይፈተለካል። መንደር ውስጥ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥመው ድንገተኛ የጭነት ማጣት እዚህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ይሆናል። መብራት በኛ አገር ስንቴ እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግራችሁም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስምምነትና የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ፈቃድም የሚያስፈልጉ ስለሆኑ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ጀምሩ።

ድክመቱ ብልሽት ላይ ነው። ኮንታክተር ቢቃጠል ጅማ ውስጥ በዚያው ቀን ይተካል። የፒኤልሲ ሞጁል ቢቃጠል 350 ኪሎሜትር ርቆ አዲስ አበባ ይፈለጋል፤ እዚያም ካልተገኘ ዶላር ይጠበቃል። ዕቃው ቢገኝ እንኳ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ከሌላችሁ ባዶ ሳጥን ነው። ፕሮግራሙ ያለው የገጠመው ሰው ላፕቶፕ ላይ፣ የይለፍ ቃሉ ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ሰውየው መሥሪያ ቤት ቢቀይርስ? ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ። የፕሮግራሙ ሙሉ ቅጂ ከነይለፍ ቃሉ ይሰጠን፤ አንድ ትርፍ ፒኤልሲና ፓወር ሰፕላይ ከዋናው ጋር ይቅረብ። እምቢ የሚል አቅራቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ፒኤልሲው ተርባይኑ ከሚያመነጨው ኃይል በቀጥታ እንዳይመገብም አረጋግጡ። ባትሪ ይኑረው። በጣም በሚያስፈልግበት ቅጽበት የሚጠፋ አእምሮ ለምን ይጠቅማል?

ማቆሚያው

ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሩሲያ ውስጥ ሳያኖ ሹሼንስካያ የሚባል 6400 ሜጋዋት ማመንጫ ላይ ሁለተኛው ተርባይን ከቦታው ተነቅሎ ወጣ። 75 ሰው ሞተ። የተርባይኑ ክዳን የታሰረባቸው ቡሎኖች በድካም ተሰነጣጥቀው ነበር። ንዝረቱ ከልክ አልፎ ነበር፣ ማሽኑን ግን ማንም አላቆመውም። ውኃው ሲገባ ኤሌክትሪክ ጠፋ። የላይኞቹ መዝጊያዎች ኤሌክትሪክ ስለሚፈልጉ ሳይዘጉ ቀሩ። ሠራተኞች ግድቡ አናት ላይ ወጥተው በእጅ ነው የዘጓቸው።

የእናንተ 15 ኪሎዋት ተርባይን 75 ሰው አይገድልም። ትምህርቱ ግን ለልኩ ይሠራል። ማቆሚያው ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ፒኤልሲ፣ ያለ ሰው መሥራት አለበት።

ለፔልተን ዲፍሌክተር የሚባለው ነገር አለ። ውኃው ከአፍንጫው ወጥቶ ተርባይኑን ሳይመታ በፊት የሚያስቀይስ ላሜራ ነው። ውኃው አልቆመም፣ አቅጣጫ ብቻ ቀየረ፤ ስለዚህ ቱቦው ምንም አይሆንም። በቅጽበት ይሠራል። ፔልተን የምትገዙ ከሆነ ያለ ዲፍሌክተር አትግዙ። ለክሮስፍሎውና ለፍራንሲስ ደግሞ በክብደት የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የያዘው ማግኔት ይለቃል፣ ክብደቱ ይወርዳል፣ የዘይት ማዘግያው ቱቦው እንዳይፈነዳ ቀስ አድርጎ ያዘጋዋል። ቫልቩ እስኪዘጋ ጄኔሬተሩ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል፤ ያንን መቋቋም አለበት። 2250ን አስታውሱ። በዚያ መካከል የመንደሩን መስመር የሚቆርጥ የቮልትና የሄርዝ ሪሌይ ለብቻው ይኑር፣ ከሎድ ኮንትሮለሩ ሳጥን ውጭ። ሳጥኑ ሲበላሽ ጥበቃውም አብሮ እንዳይበላሽ።

ክትትል፦ ምን ይለካ፣ በምን?

በጅማ ክረምት ተርባይን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ኤሌክትሮኒክስ ሳይሆን ቅጠል ነው። ወንዙ ሲሞላ ቅርንጫፍ፣ የቡና ቅጠል፣ የእንሰት ቁራጭ ይዞ ይመጣና የብረት ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። ከወንፊቱ በስተጀርባ ያለው ውኃ ይወርዳል። ከዚያ ቱቦው አየር መሳብ ይጀምራል። ተርባይኑ ያስላል፣ ሄርዙ ይወዛወዛል፣ ሞተሪስታው ደግሞ ሳጥኑን ይከፍታል። ችግሩ ያለው 200 ሜትር ወደ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰንሰር ብቻ መግዛት ከቻላችሁ የውኃ ከፍታ ሰንሰር ግዙ። ሁለት ከቻላችሁ ከወንፊቱ ፊትና ኋላ አድርጓቸው። ልዩነቱ ሲሰፋ ወንፊቱ ታፍኗል ማለት ነው። ቀጥሎ ቱቦው ጫፍ ላይ የግፊት ጌጅ። ይህ ርካሽ ነው፣ ብዙ ይናገራል። ከዚያ የኩሽኔታ ሙቀት። አንድን ቁጥር ከመጠበቅ ይልቅ ለውጡን እዩ፤ የአየሩ ሙቀት ያው ሆኖ ኩሽኔታው ከባለፈው ወር 15 ዲግሪ ከጨመረ ግራሶው ወይም የቺንጋው መወጠር ላይ ችግር አለ። ንዝረትን በ15 ኪሎዋት ልክ እጅና ጆሮ ይበቁታል። ከ100 ኪሎዋት በላይ ከሆነ ሰንሰር ይገባዋል፤ ሰንሰሩም ማሽኑን ከሚያቆመው መስመር ጋር ይታሰር። አይቶ ዝም የሚል ሰንሰር ምን እንደሚያመጣ ሩሲያ ላይ አይተናል።

ሰንሰሩን ስትገዙ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚሰጠውን ምረጡ። በዚህ ዓይነት ባዶ ማለት 4 ነው። ዜሮ ካሳየ ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው። ከዜሮ ቮልት የሚጀምረው ዓይነት ላይ ግን ባዶውንና የተቆረጠውን መለየት አትችሉም።

መብረቅ ሌላው ነው። ከወንፊቱ እስከ ማመንጫ ቤቱ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ መብረቅ ይጠራል። ሁለቱም ጫፍ ላይ መከላከያ አድርጉ፣ ምድር ሽቦውን በደንብ ቅበሩ። ፋይበር ወይም አነስተኛ ሬዲዮ ከተቻለ ደግሞ ጥያቄውን ከሥሩ ይፈታዋል።

መረጃው የት ይድረስ? ጌጅና መዝገብ ደብተር ለማንም አይቀርም። ሞተሪስታው በየሦስት ሰዓቱ ሄርዝ፣ ቮልት፣ አምፔር፣ ግፊትና የኩሽኔታ ሙቀት ይጻፍ። ከዚያ በላይ የሚሄደው በሲም ካርድ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ነው። «ውኃ ወርዷል»፣ «ሄርዝ 54»፣ «ቆሟል» የሚሉ ሦስት መልእክቶች ከሚያምር ስክሪን ይበልጣሉ። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ስለመኖሩ ግን በስልካችሁ ቀድማችሁ ሞክሩ፤ አንቴናውን ኮረብታው ላይ ማውጣት ግድ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃውን በሚሞሪ ካርድ የሚያስቀምጥ ይሁን። ሙሉ ስካዳ (ማመንጫን ከርቀት በኮምፒውተር ማየትና ማዘዝ የሚያስችል ሥርዓት)፣ ኮምፒውተር፣ ክላውድ የሚባለው ከአንድ በላይ ማመንጫ ለሚያስተዳድር ወይም ለመረቡ ኃይል ለሚሸጥ ነው። ለአንድ መንደር የሚገዛው ስካዳ ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ አቧራ ለብሶ ይቀራል።

ጅማ ውስጥ አንድ ጥሩ ዕድል አለን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ተማሪዎች አሉት። የመመረቂያ ሥራ የሚፈልግ ተማሪ የሲም ካርድ መሣሪያ መሥራት አያቅተውም። መከታተያ ላይ መሞከር ይቻላል፤ ቢበላሽ ተርባይኑ አይጎዳም። ማቆሚያው ላይ ግን ሙከራ አይፈቀድ።

ታዲያ የቱን?

ቺንጋ ብቻ ከሆነ፣ በእጅ። ለመንደር መብራት እስከ 50 ኪሎዋት፣ ሎድ ኮንትሮለርና በወቅት የሚስተካከል ሳራቺኔስካ፣ ከደብተርና ከሲም ካርድ መልእክት ጋር። በቡና ወቅት ፐልፐርና መብራት አንድ ላይ ለሚሠራ ማኅበርም ያው ሎድ ኮንትሮለር ይበቃል፤ ጄኔሬተሩ ግን ለሞተር ማስነሻ ከፍ ይበል። ከ50 እስከ 100 ያለው አወዛጋቢ ነው። የበጋ ውኃችሁ በቂ ከሆነ በሎድ ኮንትሮለር ቆዩ፣ ካነሰ ዲጂታል ገቨርነር አስቡ። ከዚያ በላይና ከመረብ ጋር ከሆነ ፒኤልሲ፣ ከነትርፉና ከነፕሮግራሙ።

የቱንም ብትገዙ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት አንድ ፈተና ይደረግ። ተርባይኑ በሙሉ ጭነት እየሠራ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ሄርዙ የት ደርሶ እንደተመለሰና በስንት ሰከንድ እንደረጋ ጻፉ። ከዚያ ሬዚስታንሱንም ነቅላችሁ ድገሙት፤ አሁን ማቆሚያው ብቻ ነው የቀረው። ቱቦው ላይ ያለው ጌጅ ምን ያህል እንደዘለለ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ይይ። አቅራቢው «ይህ አያስፈልግም፣ ዕቃው ፋብሪካ ላይ ተፈትኗል» ካለ ቼኩን ኪሳችሁ መልሱና ፈተናው የሚደረግበትን ቀን እሱ ራሱ እንዲቆርጥ ጠይቁት።